ሽምግልና ለማዳሟ፤ ከኡድ ሜታ እስከ አጅማን

እሁድ ንጋት፤ ኡድ ሜታ

ገና በደንብ አልነጋም፤ እኔ ግን የክት ጃኬቴን ለብሼ የአጎቴ ልጅ ከሚኖርበት ሕንፃ በር ላይ ቆሜያለሁ። ጃኬቱን የለበስኩት ለብርድ አይደለም። ዱባይ ውስጥ ብርድ የሚገኘው ሜትሮና ባንክ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። የለበስኩት ሽማግሌ ሆኜ ስለተላክሁ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ በቲሸርት አይሄድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት ጥቁሮችና ስደተኞች የሠሯቸው አጫጭር ፊልሞች ዴራ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ስለሚታዩ፣ አይቼ ለዚህ ጋዜጣ እንድጽፍ ነበር። ሠሪዎቹ ፊልም ሠሪ ተብለው ቪዛ የተሰጣቸው ሰዎች አይደሉም። ቪዛቸው ላይ የተጻፈው ጥበቃ፣ አስተናጋጅ፣ ሾፌር፣ የቤት ሠራተኛ የሚል ነው። ፊልሙን የሚሠሩት በእረፍት ቀናቸው፣ በስልካቸው ነው። ከመካከላቸው አንዷ የእኛዋ ወይንሸት ናት። ዴራ ውስጥ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ለእንግዳ ፈገግ ስትል ትከርምና በእረፍቷ ቀን የማያስቅ ፊልም ትሠራለች።

የእሷ ፊልም «እንግዶቹ ሲሄዱ» ይባላል። አንዲት የቤት ሠራተኛ ሀገር ቤት ያለችው እናቷ በጠና መታመሟን ከእንግዶች ጋር ከመጣች ሌላ ሠራተኛ ትሰማለች። ስልኳ ያለው ማዳም ዘንድ ነው። ልደውል ብላ ትለምናለች። ማዳም ሶፋ ላይ ተቀምጣ ቴምር እየበላች፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታያት፣ «እንግዶቹ ሲሄዱ» ትላታለች። መጨረሻውን ወይንሸት አልነገረችኝም፤ እኔም የፊልም መጨረሻ የሚጠይቅ ሰው ስለማልወድ አልጠየቅኳትም።

ችግሩ የመጣው በማዳሟ በኩል ነው። ማዳም ሆና የተጫወተችው እትዬ ጥሩነሽ የምትባል፣ አጅማን የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ወይንሸት ፊልሙን ለማስተዋወቅ ብላ የቴምሩን ቦታ ብቻ ቆርጣ በስልክ ለቀቀችው። ቁራጩ ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ አጅማን ሲደርስ እትዬ ጥሩነሽ ማዳም ሆና ቀረች። ሀበሻ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት ከእሷ ኋላ አልሰለፍም ብላ በርበሬዋን ትታ ወጣች። ቤት ውስጥ ደግሞ አብረዋት የሚኖሩት ሴቶች፣ ሥራ ፈትተው መግቢያ ሲያጡ ያስጠጋቻቸው እሷው ሆና ሳለ፣ ከአንድ ትሪ አብረዋት መብላት ተዉ።

ይህን ለሀገሬ አንባቢ ማብራራት አይጠበቅብኝም። እኛ ዘንድ ተዋናይ ጎበዝ መሆኑ የሚታወቀው ገበያ መሐል ሲሰደብ ነው። በቴሌቪዥን ድራማ ክፉ የእንጀራ እናት ሆና የተጫወተች አንዲት የማውቃት ሴት ነበረች፤ ቲማቲም የሚሸጥላት አጥታ ሌላ ሰፈር ድረስ እየሄደች ትገዛ ነበር። ድራማው ካለቀ በኋላም ሰው ከሰላምታ በፊት «ልጅቷን ምን አድርጋሽ ነው?» እያለ ያፋጥጣታል። በመጨረሻ መከራከሩ ቢሰለቻት «ታርቀናል» ማለት ጀመረች።

እትዬ ጥሩነሽ ግን የምትታረቀው ሰው የላትም። ስልክ ማንሳት አቆመች። ከማቆሟ በፊት ለወይንሸት የላከችው የድምፅ መልእክት «ፊልሙ አይታይ። ኸላስ፣ በቃ» የሚል ነበር። ወይንሸት ደግሞ ገና ሲቀረጽ፣ አንቺ ካልወደድሽው ማንም አያየውም ብላ በማርያም ምላላታለች። የዝግጅቱ ሰዎች በፕሮግራማቸው ውስጥ መሐላ የሚባል ነገር ስለሌለ አልገባቸውም። ፊልሙ ከቀረ በቦታው ሌላ ፊልም ሁለት ጊዜ እናሳያለን ብለዋል። ወይንሸት ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ቀልቷል። የእረፍት ቀኖቿን ሁሉ የበላ ፊልም ነው፤ ዛሬ ካልታየ ካሜራ ሁለተኛ አልነካም ብላለች። ማርያምን ከመዋሸት ግን ፊልሙን መቅበር ይሻላታል።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ መላክ አለብኝ» አለችኝ ትናንት። «ፀጉርዎ ሸብቷል፤ ጃኬትም አለዎት።»

መመዘኛው ይኸው ነበር። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሥራ ላይ ስለሆነች አትመጣም። ፊልሙ የሚታየው ደግሞ ዛሬ በአሥር ሰዓት ነው።

ማለዳ፤ በሙሀይስና በኩል

የተላከልኝ መኪና ነጭ ሚኒባስ ነው። ሾፌሩ ካን ይባላል፤ የፔሻዋር ሰው ነው። በሥራ ቀን ከሙሀይስና የሠራተኞች ካምፕ ግንበኞችን ያመላልሳል፤ እሁድ እሁድ የሀበሻ ሴቶችን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ከእነሱ «እሺ»፣ «ቀስ» እና «ወራጅ አለ» የሚሉትን ተምሯል። ለሾፌርነት የሚያስፈልገው አማርኛ ከዚህ አይበልጥም። የቀረውን ድሮ በተማርኩት ዓረብኛና በእንግሊዝኛ እያጣቀስን ተግባባን።

መጀመሪያ ሙሀይስና ወዳለው ካምፑ ጎራ አልን፤ ቁርሱን ረስቷል። የካምፑ ሕንፃዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ናቸው። በየመስኮቱ ሰማያዊ ቱታ ተሰጥቷል። ካን በጋዜጣ የተጠቀለለ ፓራታ፣ በዘይት የተጠበሰ ቂጣ፣ ይዞ ተመለሰና ግማሹን ሳይጠይቀኝ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ዘይቱ ጃኬቴ ላይ ነጠብጣብ ሠራ። ሽምግልናው ሳይጀመር ክብሩ ቀነሰ።

«ለፊልም ነው የምትሄዱት?» አለኝ ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ።

«ለፊልም ነው።»

«ማን ከማን ጋር ይደባደባል?»

«ማንም አይደባደብም።»

«ማን ያገባል?»

«የሚያገባም የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚሆነው?»

«አንዲት ሴት ስልክ ትጠይቃለች።»

ካን እስከ ሻርጃ መግቢያ ዝም አለ። በሥራ ቀን የማይንቀሳቀሰው መንገድ ዛሬ ባዶ ነው፤ በግራም በቀኝም ገና ክሬን ያልወረደላቸው ፎቆች ይታያሉ። ሻርጃ ስንገባ ፊቱን ከመንገዱ ሳያነሳ፣

«ሰጧት?» አለኝ።

እንደማላውቅ ነገርኩት። ይህ መልስ አላስደሰተውም።

ረፋድ፤ ሻርጃ

ሽማግሌ ለብቻው አይሄድም። ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት መሆን አለበት። ወይንሸት በእሁድ ማለዳ ሥራ ያልገባ ሽበታም ሀበሻ ፈልጋ ስላጣች፣ ሁለተኛው ሽማግሌ ኡጋንዳዊ ሆነ።

ስሙ ኦኬሎ ነው። ሻርጃ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሲሆን እሱም በዛሬው ዝግጅት ላይ ፊልም አለው። ሮላ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ አገኘነው። የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ልብስ ሳይቀይር ነው የመጣው፤ ሙሉ ዩኒፎርም፣ ኮፍያ፣ ትከሻው ላይ የድርጅቱ ዓርማ። ዩኒፎርም የለበሰ ሽማግሌ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ፀጉሩ ግን በሚገባ ሸብቷል።

ወፍራም የወተት ሻይ፣ እነሱ ካረክ የሚሉትን፣ በወረቀት ኩባያ ይዘን መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። የኦኬሎ ፊልም «ወንበሩ» ይባላል። የሕንፃ መግቢያ ላይ የሚያምር የቆዳ ወንበር አለ፤ ጥበቃው አጠገቡ ይቆማል፤ እንዲቀመጥበት አልተፈቀደለትም። በመጨረሻ አንድ ሰው ይመጣና ቦርሳውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ስልክ ያወራል። የወይንሸት ፊልም ከቀረ ሁለት ጊዜ ይታያል የተባለው ይኸው ነው።

«ሁለት ጊዜ ሊታይ አይችልም» አለኝ ኦኬሎ በቁምነገር። «ሞክሬዋለሁ። በሁለተኛው ሰው ይተኛል።»

ስለዚህ ለሽምግልናው ከልቡ ነው የመጣው። ሥርዓቱን አስረዳሁት። በሩ ላይ እንቆማለን። ተቀመጡ ይሉናል፤ ጉዳያችን ሳይሰማና እሺ ሳንባል አንቀመጥም። የሚበላም ቢሰጡን አንቀምስም።

«ምን ያህል እንቆማለን?»

«እሺ እስክንባል።»

«በር ላይ?»

«በር ላይ።»

ኦኬሎ ሻዩን ጨልጦ ኩባያውን አጣጠፈ። «እሱ ሥራዬ ነው» አለ።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል፤ አጅማን፣ አል ጁርፍ

አጅማን ከሻርጃ የሚለይበትን መስመር ፈልጌ አጣሁት። ካን «ይኸው አጅማን» ሲል ነው ያወቅሁት። አል ጁርፍ የብረት በያጆች፣ የእብነ በረድ ቆራጮችና የጎማ ጠጋኞች ሰፈር ነው። የእብነ በረዱ ዱቄት ዛፎቹ ላይ ሁሉ ተቀምጧል፤ በዚያ ፀሐይ ነጭ ዛፍ ማየት ግር ይላል። በእነዚህ መሐል አንድ ያረጀ ቪላ አለ። ሳሎኑ በኮምፖንሳቶ ተከፋፍሎ ቢድ ስፔስ ሆኗል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ሶኬት፣ ይኸው የአንድ ሰው ቤት ነው።

በሩን የከፈተችልን ቀጠን ያለች ወጣት ናት፤ ሂሩት። ስሟን ከወይንሸት ሰምቻለሁ። በፊልሙ ውስጥ ስልክ የምትለምነዋ ሠራተኛ ሆና የተጫወተችው እሷ ናት። ዩኒፎርሙን አይታ በሩን መልሳ ልትዘጋው ነበር።

«ሽማግሌ ነን» አልኩ በፍጥነት።

«ለማን?»

«ለእትዬ ጥሩነሽ።»

ውስጥ አራት ሴቶች ትሪ ከበው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የጉርሻዋን እጅ አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። አርባ ዓመት ያለፋትን ሴት በዩኒፎርም የሚያስጠይቅ ሰው ማን ይሆን የሚል ሐሳብ ፊታቸው ላይ አለፈ መሰለኝ። የፊልሙን ነገር ስናገር ቅር ብሏቸው ወደ ምግባቸው ተመለሱ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ሂሩት።

«አንቀመጥም» አልኩ፤ በዚህ ቃል ደረቴ ትንሽ ነፋ ብሏል። ኦኬሎም ቀጥ ብሎ እንደቆመ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ጊዜ ካን መኪናውን አቁሞ ገባና ጫማውን አውልቆ፣ ትሪው አጠገብ ባለው ፍራሽ ላይ ቁጭ አለ። ማንም አልነገረውም። ሴቶቹም የእንጀራውን ጫፍ ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። ሦስተኛው ሽማግሌ በዚህ ሁኔታ ከእጃችን ወጣ።

እትዬ ጥሩነሽ የለችም። ወጡን የሠራችው እሷ ናት፤ የምትበላው ግን ጓዳ ውስጥ፣ ቆማ፣ በትንሽ ሳህን። በበሩ ክፍተት ትከሻዋ ይታየኛል። ይህን ሳይ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። ጃኬት ለብሼ የመጣሁት ለፊልም ጉዳይ ነበር፤ እዚህ ያለው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አንዲት ሴት በገዛ ቤቷ ብቻዋን እየበላች ነው። ተናደድኩ።

«ምን አደረገቻችሁ?» አልኳቸው፤ ከሽማግሌ በማይጠበቅ ድምፅ።

ሂሩት አንገቷን ደፋች። «ጋሼ፣ ትወና መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ፊቷ የቆምኩት እኔው ነኝ። ሲቀረጽ ስንስቅ ነበር፣ ዋላሂ። ግን ቪዲዮውን ስልክ ላይ ካየሁት ወዲህ እጇን ሳይ ቴምሩ ይታየኛል። ከእሷ እጅ መጉረስ አቃተኝ። እምቢ ያለው ሆዴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ሰው ሳይኖርበት እንደዚያ አይችልበትም» አለች ሌላዋ፣ ወደ ትሪው እያየች።

ወደ ጓዳው ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ። ኦኬሎ ተከትሎኝ ከጎኔ ቆመ። እትዬ ጥሩነሽ ረጅም ሴት ናት፤ መነጽር አድርጋለች፤ የልኬት ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እውነቱን ለመናገር እኔም እጇን ነው መጀመሪያ ያየሁት።

«ወይንሸት ናት የላከቻችሁ» አለች።

«ናት። እህቴ፣ ፊልሙ...»

«ፊልሙ አይታይም። አሁን ያዩት እነዚህ ናቸው። ዛሬ ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይየኝ? በኋላ ዴራም መሄድ ልተው? ጨርቅ የምገዛው ከዴራ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ካን ሳህኑን ይዞ ከኋላችን መጣ። እጁን ሊታጠብ ነበር። ማን መሆኗን ሲረዳ ግን መታጠቡን ረስቶ፣ ከማለዳ ጀምሮ የከነከነውን ነገር በዓረብኛ ጠየቃት።

«ስልኩን ሰጧት?»

እትዬ ጥሩነሽ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በዓረብኛ መለሰችለት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳሎን ያሉት እንዳይሰሟት። ያቺ የፊልሙ ማዳም እሷ ራሷ የቤት ሠራተኛ ሳለች ያሠራቻት ማዳም ናት። ወይንሸት የጻፈችው ንግግር ሌላ ነበር፤ በቀረጻው ቀን ቴምሩ እጇ ሲገባ ግን ከአፏ የወጣው የዱሮዋ ማዳም የተናገረችው ነው። እናቷ በጠና መታመሟን የሰማች ዕለት የተናገረችው። እንግዶቹ በዚያ ቀን አልሄዱም። በማግሥቱም አልሄዱም። ስልኩ ሲሰጣት ያነሳው ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ ከቀብር እየተመለሰ።

«ላ» አለችው በመጨረሻ። «አልሰጧትም።»

ካን ሳህኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ዓረብኛ የማይሰማው ኦኬሎ ምን አለች አለኝ፤ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ።

«ለነዚህ ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

«ከነገርኳቸው ያዝኑልኛል» አለች። «እዚህ ቤት የማዝነው እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እኔን ማባበል ከጀመሩ የራሳቸውን እንባ ለማን ያለቅሱታል?»

በሩ ላይ እንደቆምን ነን። የጓዳው ሙቀት በጃኬቴ ውስጥ ገብቶ ወገቤ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኗ ኦኬሎ ላይ አረፈ።

«ይኸ ጥበቃ ለምን አይቀመጥም?»

«እሺ ካላልሽ አይቀመጥም። ሥርዓቱን አስተምሬዋለሁ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አላደረም እንዴ?»

«ቆሞ ነው ያደረው።»

«ሥራውም መቆም፣ እረፍቱም መቆም?» አለች፤ በእኔ ተቆጥታ። «እግዜርን አትፈራም? ይቀመጥ በቃ።»

«እሺ ካላልሽ አይቀመጥም» አልኩ፤ ያለኝ መሣሪያ ይኸው ነበር።

ኦኬሎ የምንለው ሳይገባው ክብደቱን ከግራ እግሩ ወደ ቀኝ እግሩ አዛወረ። እትዬ ጥሩነሽ ይህን አየች። ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ሰጠችው፤ በትምህርቱ መሠረት አልቀምስም አለ። እሷም ተሸነፈች።

«እሺ፤ እመጣለሁ። አብሬ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ካልወደድኩት ግን እዚያው ተነስቼ ኸላስ እላለሁ። ኸላስ ያልኩ ጊዜ ይቆማል። ወይንሸት ከማለች ትማል።»

ለወይንሸት ደወልኩላት። «እምላለሁ» አለች። ኦኬሎ ተቀመጠ፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰደው።

ከሰዓት፤ ወደ ዱባይ

ሴቶቹም እንመጣለን አሉ። ፊልም ለማየት ነው ብዬ አላታልልም፤ ኸላስ ስትል ለማየት ነው። ሚኒባሱ ሞላ። እትዬ ጥሩነሽ አጠገብ ያለው ወንበር ግን ባዶ ቀረ። ሂሩት መጨረሻ ላይ፣ መለዋወጫ ጎማው አጠገብ ተሸጉጣ ተቀመጠች። በስተመጨረሻ ኦኬሎ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ትከሻዋ ላይ ተኛ። እስከ ዴራ አልቀሰቀሰችውም።

ሻርጃ ላይ መንገዱ ተዘጋ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ካን ጡሩምባ አያስጮኽም፤ ሴቶቹ ስለ አንድ ኤጀንሲ ያወራሉ። እትዬ ጥሩነሽ መስኮቱን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ትጸልያለች ብዬ ነበር። ጠጋ ስል «ኸላስ» እያለች ድምፅዋን ትለካለች።

አሥር ሰዓት፤ ዴራ

አዳራሹ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ያለ የሠርግ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ የሙሽራ ሪባን እንደታሰረባቸው ናቸው። የኡጋንዳና የኬንያ ጥበቃዎች፣ የናይጄሪያ ነጋዴዎች፣ የእኛ ሴቶች፣ ባንክና አየር መንገድ የሚሠሩ ሱፍ የለበሱ ሀበሾች፣ ሁሉም ሪባን ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ ሰው ስለ ጥቁር ፊልም ሠሪዎች ድምፅ መሰማት ንግግር አደረገ። ማይክራፎኑ ስላልሠራ አልተሰማም።

ወይንሸት ከፕሮጀክተሩ አጠገብ በሆቴሉ ዩኒፎርም ቆማለች፤ ለመቀየር ጊዜ አልነበራትም። እትዬ ጥሩነሽን ስታይ ልታቅፋት ሄደች። እትዬ ጥሩነሽ ጉንጯን ብቻ ሰጠቻት።

«ጣትሽን እዚያ ላይ አድርጊ» አለቻት፣ ኮምፒዩተሩን እያሳየቻት።

«አድርጌዋለሁ፣ እትዬ።»

መጀመሪያ «ወንበሩ» ታየ። ሰውየው ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጥ ጥበቃዎቹ በአንድ ድምፅ «አይ» አሉ። ኦኬሎ ነቅቶ ነበር። ቀጥሎ አንድ የጋና ልጅ ስለ ፀጉር አስተካካይ የሠራው መጣ፤ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ከእትዬ ጥሩነሽ ሌላ ምንም እያየሁ አልነበረም። ከዚያ «እንግዶቹ ሲሄዱ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

በስልክ ያየሁት ቁራጭ ፊልሙ አይደለም። ሸራው ላይ የእትዬ ጥሩነሽ ፊት ግድግዳ አህሎ ሲመጣ አዳራሹ ቀዘቀዘ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አንዷ «ድንጋይ» አለች። ሌላዋ «ጥርግ ያርግሽ» አለች። እትዬ ጥሩነሽ ሁሉንም ትሰማለች። ሸራው ላይ ሂሩት እጇን አጣምራ ስልኳን ትለምናለች። ቴምሩ ወደ አፍ ይሄዳል። ፍሬው በሁለት ጣት ይወጣል፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።

«እንግዶቹ ሲሄዱ።»

እትዬ ጥሩነሽ ተነሳች።

ወይንሸትን አየኋት። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው፤ ፊቷ ደም የለውም። ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ «ቁጭ በይ» አለ። የአጅማን ሴቶች ተያዩ።

«አይሄዱም» አለች እትዬ ጥሩነሽ፤ በዓረብኛ፣ ሸራውን ቀጥ ብላ እያየች። ማዳም አማርኛ አታውቅማ። «እንግዶቹ አይሄዱም። ታውቂያለሽ እንደማይሄዱ። ስልኩን ስጫት።»

ማዳም ሁለተኛ ቴምር አነሳች።

«ስጫት እልሻለሁ። ለአንድ ደቂቃ ነው። ድምፅዋን ብቻ ትስማት።» ከዚያ አማርኛው መጣ፤ ድምፅዋም ተሰበረ። «እናቴ እኮ ናት፣ አንቺ ሴት። ስልኩን አጠገቤ አድርጉልኝ ትደውላለች እያለች ነው የሞተችው። እኔ ሻይ አቀርብልሽ ነበር። ስኳሩን እየለካሁ አቀርብልሽ ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ቁጭ በይ ማለቱን አቆመ። ሂሩት ከኋላ ወንበር ተነስታ፣ ሰው ጉልበት ላይ እየተደነቃቀፈች መጣችና ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ እትዬ» አለቻት፤ «ፊልም እኮ ነው።»

«አይደለም» አለች እትዬ ጥሩነሽ።

ቁጭ አለች። ሂሩትም ወንበር ስላልነበራት ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር ቁጭ አለች፤ ክንዷን ግን አልለቀቀችም። ሸራው ላይ ሌላዋ ሂሩት ወደ ማድቤት ተመልሳ የእንግዶችን ብርጭቆ ታጥባለች። ከሳሎን ሳቅ ይሰማል። አንዱን ብርጭቆ አጥባ ስትጨርስ ሌላው ይመጣል። ፊልሙ እንደዚያው እያለ አለቀ። ኸላስ ያለ ሰው አልነበረም።

ጭብጨባው የመጣው ዘግይቶ ነው። ወይንሸት አላጨበጨበችም፤ ጣቷን ከቁልፉ ላይ ማንሳት ረስታ ነበር። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ በመሐረብ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ፤ ወደ አጅማን

ሴቶቹን ልሸኝ አብሬ ሄድኩ። የሽምግልና ሥርዓት ይህን አያዝም፤ ካን ግን ግባ አለኝ። ሁላችንም ከገባን በኋላ ሞተሩን አላስነሳም። ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ። በፓሽቶ ስለተነጋገሩ ምን እንዳሉ አልገባንም፤ በአብዛኛው የበላውን የሚዘረዝርላት ይመስል ነበር። አንድም ሴት ቶሎ በል አላለችውም። ስልኩን ዘግቶ «ያላ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

አሁን እትዬ ጥሩነሽ አጠገብ የተቀመጠችው ሂሩት ናት። ሻርጃ ላይ መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘጋ። እትዬ ጥሩነሽ ከቦርሳዋ በፎይል የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ከምሳው የተረፈው ነው። እንጀራውን ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ወደ ሂሩት አፍ ዘረጋች።

ሂሩት እጇን አየች። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጇን አየ። ካን በመስታወት ያያል። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ አላምጣ ዋጠች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«ደግሞ አንቺ ማዳም ሆንሽብኝ» አለቻት እትዬ ጥሩነሽ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና፣ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።